የሙቀት ልክና የኢንዛይም ሥራ፦ ከስፓላንዛኒ ብብት እስከ ደምቢያ ሜዳ

ከጎንደር አራዳ ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ ቁልቁል የተጓዘ ሰው ብዙ ሳይርቅ የደምቢያ ሜዳ ይቀበለዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሜዳው ጣና ዳር ሲደርስ ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ይላል። የከፍታው ልዩነት 300 ሜትር፣ በዚህ ሳቢያ የሚመጣው የአማካይ ሙቀት ልዩነት ደግሞ ሁለት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ለመንገደኛ ካባ አውልቆ ትከሻ ላይ ከመጣል የማያልፍ ልዩነት ነው። ለወባ ግን ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው ፈጅቷል፤ በሀገራችን የሕዝብ ጤና ትምህርት ታሪክ ትልቅ ቦታ ያለው የጎንደር ኮሌጅ በማግሥቱ ዓመት ሲቋቋም ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው እልቂት ነበር። ሁለት ዲግሪ ይህን ያህል ክብደት ያገኘው እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በሜዳው ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል በመስታወት ቱቦ ውስጥ ሲካሄድ በቆየው የኢንዛይም ሙከራ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በተለይ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የደጋ ሰው ምክንያቱን ባያውቅም ውጤቱን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲቋጥር ቆላ መውረድ፣ ወርዶም ማደር፣ ንዳድ እንደሚያስይዝ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር የኖረ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 መናገሻቸውን በጎንደር ሲያደርጉ ቦታው ለደምቢያ እህል ቅርብ፣ ከደምቢያ ንዳድ ግን ከፍ ያለ መሆኑን ከጥቅሞቹ እንደ አንዱ የሚቆጥሩ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። የወባ ተሕዋስም ሆነ የትንኟ ድርሻ በማይታወቅበት ዘመን ሰው የበሽታውን ወሰን በከፍታ ለክቶ ነበር ማለት ነው።

በሙቀትና በሕይወታዊ ኬሚካዊ ለውጥ መካከል ያለውን ዝምድና በሙከራ ለማየት ከሞከሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጣሊያናዊው ቄስና ተመራማሪ ላዛሮ ስፓላንዛኒ ነው። በ1780 ባሳተመው ሥራው እንደተገለጸው ከእንስሳት ጨጓራ ያወጣውን ጭማቂ ከሥጋ ቁራጭ ጋር በመስታወት ቱቦ አድርጎ የምግብ መፈጨት ከአካል ውጭ ሊከናወን እንደሚችል አሳየ። ነገር ግን ጭማቂው በቀዝቃዛ ክፍል እጅግ ይለግማል። ሙቀቱን እኩል አድርጎ የሚያቆይ መሣሪያ በሌለበት በዚያ ዘመን ስፓላንዛኒ ያገኘው ብልሃት ቱቦዎቹን በገዛ ብብቱ ሥር ለቀናት ይዞ መዋል ነበር። ዛሬ በየላቦራቶሪው በ37 ዲግሪ የሚሠራው የሞቀ ውኃ ገንዳ የዚያ ብብት ምትክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ዊልያም ቦሞንት ሌላ ዕድል ገጠመው። ሆዱን በጥይት ተመትቶ የዳነ፣ ነገር ግን ቁስሉ እንደተከፈተ የቀረ ታማሚ ስለነበረው ከሰው ጨጓራ በቀጥታ ጭማቂ ለመቅዳት ችሏል። በ1833 ባወጣው መጽሐፍ ላይ የሰፈሩት ሙከራዎች እንደሚያሳዩት በአካል ሙቀት ልክ፣ ማለትም በ38 ዲግሪ ገደማ፣ የተቀመጠው ጭማቂ ሥጋውን ሲያሟሟ በብርድ የተቀመጠው ምንም ያህል አልሠራም፤ የቀዘቀዘው እንደገና ሲሞቅ ግን ሥራውን ቀጠለ። ከዚህ አንድ ቁም ነገር ይገኛል፦ ብርድ ያስተኛል እንጂ አይገድልም።

ሙቀት ሲበዛ ግን ይገድላል። ይህን የገለጠው ከብቅል የመጣ እውቀት ነው። በዚያው በ1833 ፓየንና ፔርሶ የተባሉት ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ከገብስ ብቅል ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጥ ንጥረ ነገር በአልኮል አዝቅጠው ለዩና «ዲያስታዝ» ብለው ሰየሙት። ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ በብርቱ የሚሠራው ይህ ንጥረ ነገር ከተፈላ በኋላ ቢቀዘቅዝም ኃይሉ አይመለስም። የጎንደር ጠላ ጠማቂ ሴቶች የፓየንን ስም ሳይሰሙ የሚጠነቀቁት ከዚሁ ጋር ለሚዛመድ ነገር ነው፤ እንኩሮው ከምጣድ እንደወጣ ወደ ጥንስሱ አይጨመርም፤ ተሰብሮ፣ ተበትኖ፣ ቀዝቅዞ ነው። ትኩሱን የጨመረች ባለሙያ የብቅሉን ኢንዛይምና እርሾውን በአንድ ጊዜ ታጣለች፤ ጠላውም ሳይፈላ ይቀራል።

«ኢንዛይም» የሚለውን ቃል ጀርመናዊው ኪውነ በ1876 አወጣው፤ ትርጉሙ በግሪክኛ «በእርሾ ውስጥ ያለ» ማለት ነው። ቡክነር በ1897 ሕያው ሕዋስ በሌለበት የእርሾ ጭማቂ ስኳርን ወደ አልኮል ለወጠ፤ ሰምነር ደግሞ በ1926 ዩሬዝ የተባለውን ኢንዛይም በክሪስታል መልክ አውጥቶ ፕሮቲን መሆኑን አሳየ። ሰምነር የደረሰበት ውጤት የብቅሉን ምሥጢር የሚፈታ ነው። ኬሚካዊ ለውጥ የሚከናወነው ሞለኪውሎች በቂ ጉልበት ይዘው ሲጋጩ ነው፤ ስዊድናዊው አሬኒየስ በ1889 እንዳስረዳው ሙቀት በጥቂቱ ሲጨምር ይህን ጉልበት የሚያገኙት ሞለኪውሎች ብዛት በብዙ ያድጋል። በዚህም የተነሣ ብዙ የኢንዛይም ሥራዎች በየ10 ዲግሪው ፍጥነታቸው ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ኢንዛይሙ ራሱ የተጣጠፈ የፕሮቲን ሰንሰለት ስለሆነ ሙቀቱ ከልኩ ሲያልፍ እጥፋቱ ይፈታል፤ ቅርጹን ያጣ ኢንዛይም ሥራውን ያጣል። የተቀቀለ እንቁላል ተመልሶ ጥሬ እንደማይሆን ሁሉ ይህም ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

ከእነዚህ ሁለት ተቃራኒ ኃይሎች የሚወጣው ቀስ ብሎ የሚወጣና በድንገት የሚወርድ ኩርባ በየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛል። በመጽሐፎቹ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጊዜ ነው። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ብላክማን በ1905 እንዳመለከተው ከፍ ባለ ሙቀት የሚለካ ፍጥነት በየደቂቃው እየወረደ ስለሚሄድ «ተስማሚ ሙቀት» የሚባለው ነጥብ ሙከራው በቆየበት ጊዜ ላይ የተመሠረተ ነው። በ5 ደቂቃ ሙከራ አሸናፊ የሆነው ሙቀት በአንድ ሰዓት ሙከራ ተሸናፊ ሊሆን ይችላል። ምራቅን ከስታርች ጋር ቀላቅለው በአዮዲን የሚፈትኑ ተማሪዎች ውጤታቸው ከጓደኛቸው ጋር ሲለያይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። ሌላም አለ፦ የውጭ መጽሐፍ «በክፍል ሙቀት» ሲል 25 ዲግሪ አስቦ ሊሆን ይችላል፤ የጎንደር ክፍል ግን በአማካይ 20 ዲግሪ ገደማ ነው። በየ10 ዲግሪው እጥፍ የሚሆን ሥራ ከ20 ወደ 37 ዲግሪ ቢወሰድ ፍጥነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ያድጋል።

ከዚህ ተነሥቶ ወደ ወባ ለመሻገር አንድ እውነታ ብቻ ያስፈልጋል። የወባ ተሕዋስ ሁለት ኑሮ አለው። በሰው ደም ውስጥ ሳለ ባለቤቱ በ37 ዲግሪ ያሞቀዋል፤ ስለሆነም የፋልሲፓረምም ሆነ የቫይቫክስ የደም ውስጥ ዑደት በሁመራም በደባርቅም 48 ሰዓት ያህል ነው። ትንኟ ግን የራሷን ሙቀት የምትጠብቅ ፍጡር አይደለችም። በሆዷ ግድግዳ ላይ የሚያድገው ተሕዋስ፣ ፕሮቲን ሲሠራም ሆነ ዘረመሉን ሲያባዛ፣ ኢንዛይሞቹ ሁሉ የሚሠሩት ትንኟ ባረፈችበት ግድግዳ ሙቀት ነው። ሮናልድ ሮስ በ1897 በሕንድ ተሕዋሱን በትንኝ ሆድ ውስጥ ካየና ግራሲና ባልደረቦቹ በጣሊያን የሰው ወባ በአኖፌለስ እንደሚተላለፍ ካረጋገጡ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ተመራማሪዎች ትንኞችን በተለያየ ሙቀት ማቆየት ጀመሩ። ብርድ ላይ የቆዩት ትንኞች ተሕዋሱን ለማብሰል ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ እጅግ የቀዘቀዙት ከነጭራሹ አላበሰሉትም። የሶቪየት ተመራማሪዎች ይህን በቀመር አስቀመጡት፤ ዴቲኖቫ በ1962 በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ባሳተመችው ሥራም ለዓለም ተዳረሰ። ቀመሩ ለፋልሲፓረም 111ን ከ16 በላይ ባለው ዲግሪ፣ ለቫይቫክስ 105ን ከ14.5 በላይ ባለው ዲግሪ ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ቁጥር ተሕዋሱ በትንኟ ውስጥ ለመብሰል የሚፈጅበት ቀን ነው።

ቀመሩ በደጋ ሲሠራበት የሚያወጣው ውጤት አስደናቂ ነው። ፋልሲፓረም በ25 ዲግሪ በ12 ቀን ገደማ ይበስላል። በ22 ዲግሪ 18 ቀን ተኩል፣ በ20 ዲግሪ 28 ቀን፣ በ18 ዲግሪ 55 ቀን ያስፈልገዋል። የትንኟ ዕድሜ ግን አጭር ነው። እንበልና ከመቶ ትንኞች በየቀኑ 10 የሚሞቱ ቢሆን፣ ታማሚ ነክሰው ተሕዋሱን ከወሰዱ 1,000 ትንኞች መካከል ተሕዋሱ እስኪበስል በሕይወት የሚቆዩት በ18 ዲግሪ 3 ብቻ ናቸው። በ20 ዲግሪ 54፣ በ22 ዲግሪ 142፣ በ25 ዲግሪ 273 ይሆናሉ። ከ20 ወደ 22፣ ማለትም ከጎንደር ወደ ጣና ዳር በሚያወርደው ልዩነት፣ አደገኛዎቹ ትንኞች ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናሉ ማለት ነው። የኢንዛይሙ ፍጥነት በጥቂቱ ነው የጨመረው፤ የትንኟ ዕድሜ ግን ያን ጥቂት አባዛው። ቫይቫክስ በዝቅተኛ ሙቀት ይበልጥ ስለሚታገሥ በ20 ዲግሪ 19 ቀን ይበቃዋል፤ በደጋው ጠርዝ የሚገኙ ጤና ጣቢያዎች ቫይቫክስን ማየታቸው የሚጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ደምቢያ መመለስ ይቻላል። ሜዳው ለምለምና ብዙ ሰው የሰፈረበት፣ ወንዞች ወደ ጣና የሚወርዱበት፣ ክረምት ሲወጣ ውኃ የሚያቁር ጥቁር አፈር ያለበት ነው። ወባ በየዓመቱ በእኩል ደረጃ የሚመጣበት ቆላ ቢሆን ኖሮ ነዋሪው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በመጠኑ መከላከያ ባዳበረ ነበር። ነገር ግን ወሰን ላይ ያለ ስፍራ በመሆኑ በሽታው አንዳንድ ዓመት ይርቃል፣ አንዳንድ ዓመት በብዛት ይመጣል። የ1953ቱ እልቂት በዚህ ዓይነት ሕዝብ ላይ የወረደ ነው። በ1954 (በ1947 ዓ.ም.) በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ፣ በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ ትብብር የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን በአንድነት ማሠልጠን ያዘ። የጤና መኮንን የሚለው የሙያ ስም ከጎንደር ጋር የማይነጠል ሆኖ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ደምቢያ በዲዲቲ የቤት ውስጥ ርጭት ከተሞከረባቸው የሀገሪቱ የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ሆነ።

ኮሌጁ ገና አራት ዓመቱ ሳለ የከፋው መጣ። በ1958 ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ፣ በእኛ ከ1950 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ፣ የወባ ወረርሽኝ የሀገሪቱን ደጋማ ክፍል አጥለቀለቀ። ፎንቴን፣ ናጃርና ፕሪንስ በ1961 ባሳተሙት ጥናት የታመመውን ሰው 3 ሚሊዮን፣ የሞተውን 150,000 ገምተዋል። ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ሞት መዝግቦ የሚይዝ አካል በገጠር አልነበረም። ከቁጥሩ እኩል የሚያስደነግጠው ስፍራው ነው፦ ወረርሽኙ የተስፋፋው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች፣ ማለትም ሰው ከወባ ለመሸሽ በሰፈረባቸው ወይና ደጋዎች ነው። የጎንደር ከተማ ራሷ በዚህ መለኪያ ከላይኛው ጫፍ ላይ ትወድቃለች። አጥኚዎቹ ያቀረቡት ምክንያት ያልተለመደ ዝናብ፣ ከወትሮው ከፍ ያለ ሙቀትና የአየር እርጥበት መገጣጠም ነው። ዝናቡ ለትንኟ መራቢያ ሰጠ፣ እርጥበቱ ዕድሜዋን አራዘመ፣ ሙቀቱ ደግሞ በሆዷ ያለውን ተሕዋስ አፋጠነ። ወሰኑ ከፍ ሲል በወሰኑ ላይ የነበረው ሕዝብ መከላከያ የሌለው ነበር፤ ሕፃንም ጎልማሳም እኩል ወደቀ። የወባ ማጥፊያ ድርጅት በማግሥቱ በ1959 ራሱን ችሎ መቋቋሙ የዚህ ድንጋጤ ፍሬ ነው።

በእርግጥ ይህን ሁሉ በአንድ ቀመር ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ተሕዋሱ አንድ ኢንዛይም ሳይሆን በሺህ የሚቆጠሩ ኢንዛይሞች የሚሠሩበት ሕያው አካል ነው። የደጋ ሌሊት ከቀኑ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ ስለሆነም የቀኑና የሌሊቱ አማካይ የትንኟን እውነተኛ ሁኔታ ላያሳይ ይችላል። ምድጃ የሚነድበትና ከብት የሚያድርበት ቤት ደግሞ ከውጭው በዲግሪዎች ይሞቃል፤ ግድግዳው ላይ ያረፈችው ትንኝ የምትኖረው ከሜትሮሎጂ ጣቢያው ቁጥር በተለየ አየር ነው። የኩርባው ሌላኛው ወገንም አለ፤ በ2013 የታተመ የሞርዴካይና ባልደረቦቿ ጥናት የወባ መተላለፍ የሚበረታው በ25 ዲግሪ ገደማ መሆኑንና ከዚያ በላይ ሙቀት ሲጨምር እየደከመ እንደሚሄድ አሳይቷል። የብቅሉ ታሪክ በትንኝ ሆድ ተደገመ ማለት ነው። ከወሰኑ በታችኛው ወገን ያለው ማስረጃ ግን የእኛው ሀገር ነው፦ በ2014 የወጣው የሲራጅና ባልደረቦቹ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢ የ1993–2005ን መዝገብ መርምሮ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ፣ ሲቀዘቅዝም እንደሚወርድ አረጋግጧል።

ይኸው ሕግ በሐኪም ቤት ላቦራቶሪ ውስጥም ይሠራል፤ በዚያ ያስነሣው ክርክርም ቀላል አልነበረም። ካርመንና ባልደረቦቹ በ1950ዎቹ አጋማሽ በደም ውስጥ ያሉ ትራንስአሚኔዝ ኢንዛይሞችን በመለካት የልብና የጉበት ጉዳትን ማወቅ እንደሚቻል ካሳዩ በኋላ ልኬቱ በዓለም ተስፋፋ። ግን በስንት ዲግሪ ይለካ? ዓለም አቀፉ የባዮኬሚስትሪ ኅብረት የኢንዛይም ኮሚሽን በ1961 የኢንዛይም አሐድን ሲወስን 25 ዲግሪን መረጠ፤ በ1964 ወደ 30 ቀየረው። ጀርመኖች ለረጅም ጊዜ በ25 ሲጸኑ የስካንዲኔቪያ ሀገሮች 37ን ያዙ። አንድ ታማሚ የጉበት ኢንዛይሙ በአንዱ ሀገር ከተለካው በሌላው ሁለት እጥፍ ገደማ ሆኖ ቢገኝ ጉበቱ አልተለወጠም፤ የውኃ ገንዳው እንጂ። ዓለም አቀፉ የክሊኒካል ኬሚስትሪ ፌዴሬሽን በ37 ዲግሪ የሚሠራ የማመሳከሪያ ዘዴ ያወጣው በ2002 ነው። ከስፓላንዛኒ ብብት ወደዚያው ለመመለስ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ወስዷል።

የላቦራቶሪው ጉዳይና የደምቢያው ጉዳይ የሚገናኙበት አንድ ምርመራ አለ። ቫይቫክስ በጉበት ተደብቆ በኋላ የሚያገረሽ በመሆኑ ከሥሩ ለመንቀል ፕሪማኪን ይሰጣል፤ መድኃኒቱ ግን ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በቀይ የደም ሕዋሱ ያነሰበትን ሰው ደም ሊያፈርስ እንደሚችል ከ1956 ጀምሮ ይታወቃል። ቦይትለር በ1966 ያስተዋወቀው የብርሃን ጠብታ ምርመራና ዛሬ በእጅ የሚያዙት ትንንሽ መለኪያዎች የሚያዩት የዚህን ኢንዛይም ፍጥነት ነው። ፍጥነት እስከሆነ ድረስ ቀዝቃዛ ክፍል ጤነኛውን ሰው ጎደሎ አስመስሎ ሊያሳይ፣ የሚገባውንም መድኃኒት ሊያስከለክለው ይችላል። ጉዳዩ በተለይ የሚነካው ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርደው ወደ ደባርቅና ዳባት የሚመለሱትን የቀን ሠራተኞች ነው፤ የደጋው ብርድ በትንኝ ውስጥ ያለውን ተሕዋስ ቢያስቆምም በሠራተኛው ጉበት ውስጥ በ37 ዲግሪ የተኛውን አይነካውም፤ ስለዚህ ትንኝ በማይታይበት ወር፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ወባው ያገረሻል። በብዛት ሥራ ላይ ከዋሉት የእጅ መለኪያዎች አንዱ የሙቀቱን ልዩነት በራሱ አስልቶ ያስተካክላል፤ ሆኖም የሚሠራው የክፍሉ ሙቀት ከ15 እስከ 32 ዲግሪ ሲሆን ብቻ ነው። በደጋው ጤና ጣቢያ በእነዚያ ወራት ጠዋት ክፍሉ ከ15 በታች ሆኖ ማግኘት ብርቅ ስላልሆነ፣ መሣሪያውና የምርመራ ንጣፎቹ ፀሐይ ክፍሉን እስክታሞቀው ድረስ ይጠብቃሉ፤ ደሙም የሚቀዳው ከዚያ በኋላ ነው።